ዕድሜዋን ሙሉ ስትመዝን የኖረች እናት ለምን ዋሸች?

«እማ... ዛሬ ስንት ነው?»

«ስልሳ አንድ።»

የመታጠቢያ ቤቱ በር ዝግ ነው። እሷ ከውስጥ ቁጥሩን ትጠራለች... እኔ ከውጭ ሆኜ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንዱ እግሬ ጫማ ውስጥ ነው፣ ሌላው ገና። ጋራዥ ውስጥ ፈትቼ የተውኩት መኪና ይጠብቀኛል።

እናቴ የልብ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ሁለተኛ ወሯ ነበር።

ሐኪሟ ሲሸኘን ደጋግሞ የነገረን አንድ ነገር ነው...

«ጠዋት ጠዋት ትመዘን። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረች ሰውነቷ ውኃ እየያዘ ነው ማለት ነው። ቀጠሮ ሳትጠብቁ አምጧት።»

መጀመሪያ ሰሞን አንዴ ጨመረች። ወሰድናት። ወረፋው ቀኑን ሙሉ በላው።

ኮሪደሩ ላይ እኔና እህቴ በነገር ተያያዝን። እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት።

«ዛሬ ያንተ ተራ ነበር። ስንት ደንበኛ መልሼ እንደመጣሁ ታውቃለህ?»

«እኔስ ከሥራ ልባረርልሽ? እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንኖረው?»

እናታችን አጠገባችን ወንበር ላይ ነበረች። ደረቷን በእጇ ደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። እንቅልፍ የወሰዳት መሰለን።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ስልሳ አንድ... ስልሳ አንድ... አሁንም ስልሳ አንድ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ብሎኝ ነበር።

ደግሞስ ማን ይጠረጥራል? እናቴ እኮ ሠላሳ ዓመት እህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ የሠራች ሴት ናት። ለግማሽ ኪሎ ብላ ከነጋዴ ጋር አንገት ለአንገት የምትተናነቅ። የእሷን ቁጥር የምጠራጠር እኔ ማን ነኝ?

ከዚያ ጭቅጭቅ በአሥራ ሁለተኛው ቀን እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ አላት። ትንፋሿም ያጥራት ጀመር። ይዘናት በረርን።

ነርሷ መዘነቻት። ደብተሬን አየች... መልሳ ሚዛኑን አየች።

«ስልሳ ሰባት ነው የሚለው። የቤታችሁ ሚዛን ተበላሽቷል እንዴ ወንድሜ?»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እሷን አስተኝተው ልብስ ላመጣላት ቤት ሄድኩ። ሚዛኑ ላይ ወጣሁበት። ምንም አልሆነም፤ በትክክል ይመዝናል።

አንስቼ ስገለብጠው ከሥሩ የመድኃኒት ካርቶን ወደቀ። በእርሳስ ተጽፎበታል... የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው። ለእኛ ውሸቱን እየጠራች እውነተኛውን ለብቻዋ መዝግባዋለች። የሠላሳ ዓመት ልማድ የት ይሄዳል?

«62። ልጄ ዛሬ ሞተር ያወርዳል። ይሂድ።»

«63። ልጄ ዛሬ ሙሽራ አለባት።»

«64። ትናንት አብረው ሲስቁ ሰማኋቸው። አልረብሻቸውም።»

«66። ነገ እነግራቸዋለሁ።»

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አሁንም አንዳንዴ ሥራ ላይ ሆኜ፣ እጄ ዘይት እንደሆነ፣ ያ ጽሑፍ ይመጣብኛል።

እናቴ ተርፋለች። ሳምንት ሙሉ ተኝታ ውኃው ወጣላት፤ ቤቷ ገባች። እኔና እህቴ ቀን ተከፋፍለናል። የምንጨቃጨቀው ካለም ደጅ ወጥተን ነው። ሚዛን ላይ ስትወጣም አጠገቧ እንቆማለን።

ግን አንድ ነገር አለ... እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ቁጥሩን አታይም። ፊታችንን ነው የምታየው።

እኔ ፈገግ እላለሁ... እሷ አታምነኝም።

ወገኖቼ፣ ታማሚ ማስታመም ያደክማል። መድከም ነውር አይደለም። ነውሩ ድካማችንን ታማሚው ጆሮ ሥር ማውራታችን ነው። ሸክም መሆኑን ከአፋችን የሰማ ሰው ሕመሙን ይደብቀናል።

እናንተ ቤት ያለው ሰው «ደህና ነኝ» የሚላችሁ ተሽሎት ነው... ወይስ ከእናንተ የሰማው ነገር አለ? እስቲ ሳታፍሩ ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ አነባለሁ።