አዲሱ ዊልቸር

ጥሩወርቅ ልጇን መቅዲን አቅፋ አዲሱ ዊልቸር ላይ ስታስቀምጣት፣ ጎረቤቷ ሳቢሃ አጥሩ ጋ ቆማ ታይ ነበር። ዊልቸሩን ያመጣችው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ጎንበስ ብላ የልጅቷን እግሮች አደላደለችላት። መቅዲ ጎማዎቹን በገዛ እጇ ገፋ ስታደርጋቸው የበቾ ቦሬ ሰፈርተኛ ሁሉ አጨበጨበ። የሳቢሃ እጆች ግን ከሻርፗ ስር አልወጡም።

«ሳቢሃዬ፣ ነይ እዪልኝ እንጂ!» አለች ጥሩወርቅ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

«ማሻአላህ» አለች ሳቢሃ። የዚያችን ልጅ ሳቅ መስማት አቃታት። ጥሩወርቅንም በዚያች ቅጽበት ጠላቻት፤ ምንም እንዳልበደለቻት እያወቀች። አምና ይህችው ሠራተኛ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ቤት ለቤት ስትመዘግብ ጥሩወርቅ ልጇን አዝላ እስከ መንገድ ወጥታ ነበር። ሳቢሃ ደግሞ የጓዳውን በር ቆልፋ፣ «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ የለም» ብላ መልሳታለች።

ሠራተኛዋ ቦርሳዋን አንስታ ልትሄድ ስትል ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረች። «በዚህ ሰፈር ያልተመዘገበ ልጅ ይኖር ይሆን?»



«አለች» አለች ሳቢሃ። «ወላሂ አለች። ፈድሊያ ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ቤት ናት።»

ሦስት ዓመት አጥር ለአጥር የኖረችው ጥሩወርቅ ደንግጣ አየቻት። «ሳቢሃ፣ ልጅ አለሽ እንዴ?»

ሳቢሃ የጓዳውን በር ልትከፍት ሄደች።