ለዘርትሁን የተለቀቀ ቦታ

በመንደሩ ሴት ስትሞት ትዝታዋ አብሯት አይቀበርም፤ አንዷ የእድር ጓደኛዋ በመሣሪያ ወደ ራሷ አእምሮ ትቀበለዋለች። ቦታ እንዲለቀቅለት ግን ከተቀባይዋ ከራሷ ትዝታዎች አንዱ ይወጣል፣ የትኛው እንደሆነ አይመረጥም።

ሸክላ ሠሪዋ ዘርትሁን ስትሞት ትዝታዋን የመቀበል ዕጣ ለወጣቷ ለማስተዋል ደረሰ። የማስተዋል አያት አትጠገብ ግን እንቢ አለች።

«ገና ልጅ ነሽ። የሟች እናትሽን ትዝታ ቢወስድብሽስ? ለእኔ ይሁን።»

አትጠገብ የዘርትሁንን ትዝታ ተቀብላ ስትመለስ የማስተዋልን ሹሩባ ልትጎነጉን ተቀመጠች። እንደ ሸክላ ሠሪ ጣቶቿን ደጋግማ ውኃ ውስጥ ትነክራለች።

«እማማ፣ ዛሬ የእናቴን እንጉርጉሮ ተውሽው? ሹሩባ ስትሠሪኝ ሁሌ ትዪው የለ?»

«የቱን?»

ማስተዋል ቀስ ብላ አንጎራጎረችላት። አትጠገብ ጉንጉኗን ሳታቆም እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ደስ ይላል» አለች። «ማን አስተማረሽ፣ ልጄ?»