ባዶው ዙር

ጊታሩን ከመስመሩ ነቀለው። የድምፅ ማጉያው እዝዝታ ግን አልጠፋም። ሙዘይን ከመጋረጃው ጀርባ ተንበርክኮ ላቡን በክርኑ ጠረገ። ወዲያ ማዶ የሐይቅ ከተማ ሰው አዳራሹን ሞልቶ የአብዮቱን በዓል ዝግጅት ይጠብቃል፤ ከደሴ የመጡት የመንግሥት እንግዶችም የፊቱን ወንበር ይዘዋል።

የቴፑን ክር ቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉን በፕላስተር አገናኝቶ ክብ ካደረገው ወር ሆኖታል። አንዴ የመታት የአምባሰል ዜማ ዞራ ትመጣለታለች፤ እሱ በላይዋ ሌላ ይጫወታል። ዛሬ ግን እዝዝታው ዜማዋን ዋጣት። ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ወደ አዳራሹ የሚሄደውን ድምፅ ዘግቶ፣ ማይክራፎኑን ከፍቶ፣ ባዶ ዙር መቅዳት ጀመረ። ማዳመጫውን ከማጉያው ሰክቶ ጆሮው ላይ ደፋ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ፈንታሁን መጋረጃውን ገልጦ ገባ። የእህል መጋዘኑ ኃላፊ ባዬ ተከትሎታል።

«አምስት ደቂቃ ሰጥቼሃለሁ» አለው ሙዘይንን።

«እሺ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ፈንታሁን ወደ ባዬ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ማዳመጫ ያጠለቀ ሰው ሌላ የማይሰማ መስሎታል። ማይክራፎኑ አጠገቡ ነው የቆመው።

«እንግዶቹ ስለ እርዳታው ስንዴ ከጠየቁህ ኑርዬ ሰረቀው በል።»

«ኑርዬ እኮ ሞተ።»

«የሞተ ሰው አይከራከርህም። ስንዴውን ለነጋዴ ያወጣነው እኔና አንተ ነን፤ ሦስተኛ ሰው አያውቅም።»

ወጡ። ሙዘይን መቅጃውን አቆመ።

ኑርዬ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ የመጋዘኑ ዘበኛ ነበር። በሌብነት ተወንጅሎ ታሰረ፤ ጥር ላይ እስር ቤት ውስጥ ተስቦ ገደለው። ሬሳውን ይዘው ሲመጡ ለቀብር የወጣው ሰው አሥር አይሞላም ነበር።

ክሩን አዞረው። ቃሉ አለ፤ ግን ከእዝዝታው ሥር ተቀብሮ። ከፍ ሲያደርገው እዝዝታውም አብሮ ከፍ አለ። አንዲት ቁልፍ ቢጫን ሁሉም ይጠፋል፣ እሱም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። ቁልፏን አልነካትም።

ከቴፑ ወደ ማጉያው የሚሄደውን ገመድ በጣቱ እየዳበሰ ሄደ። መሰኪያው ጋ ሲደርስ ቀጭኗ ሽቦ ተበጥሳለች። ልባሷን በጥርሱ ልጦ፣ ጠምዝዞ አሰራት። እዝዝታው ቀጥ አለ። ከዚያ የድምፁን መጠን የሚያሳየው መርፌ ቀዩን እንዳይነካ ትንሽ ቀነሰ። እንዲጮህ ብቻ አልነበረም የፈለገው፤ እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ እንዲሰማ ነው።

ድምፃዊቷ ስህን ብቅ አለች። «ተስተካከለ? ልውጣ?»

«ቆዪ እስቲ፣ እህቴ። ካንቺ በፊት ሌላ ሰው ይሰማል።»

«ማን?»

«ቢስሚላህ» አለና የአዳራሹን ድምፅ ከፈተው።

በመጋረጃው ቀዳዳ አየ። በመጀመሪያው ዙር ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ተመለከተ። በሁለተኛው ወደ ፈንታሁን ዞረ። በሦስተኛው አንደኛው እንግዳ ብዕሩን አወጣ።

«ዝጉት» አለ ፈንታሁን ብድግ ብሎ። የገዛ ድምፁ ከላዩ አለፈበት፤ «ሦስተኛ ሰው አያውቅም።»

ሙዘይን ሲያየው ደስታ ይመጣል ብሎ ነበር። የመጣው ግን ከጥር ጀምሮ ተይዞ የነበረ ትንፋሽ ነው።

ፈንታሁን በመደዳው አልፎ ሊወጣ ሞከረ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው እንደተቀመጠ ቀረ፤ እንዲያልፍ ጉልበቱን የሰበሰበለት አንድም አልነበረም።