ሰማያዊው አንሶላ

«ኡሽ! ጥፉ ከዚህ! ማን ጠራችሁ?»

አስረሳሽ በነጠላዋ ጫፍ አየሩን ትደበድባለች። ውርንጭላው መሬት ከነካ ገና አፍታ አልሆነውም፤ የባምባሲ ዝንብ ግን ወሬውን ሰምቶ ግቢዋን ሞልቶታል። እናቲቱ አህያ እግሯን ትደቃለች፣ ጆሮዋን ታርገበግባለች፤ ልጇን ልሳ መጨረስ አቅቷታል።

አስረሳሽ የሚታያት እርጥቡ እትብት ብቻ ነው። የአምናውን ውርንጭላ የበላው ይኼው ነው፤ ዝንብ እንቁላሉን ጣለበት፣ ተላ፣ በስምንተኛው ቀን ሞተ። ዘንድሮም እንዲያው ከሆነ... አፏን በእጇ ትመታለች። አህያዋ አርጅታለች፤ ከእንግዲህ አትወልድም።

ለዚህ ነው ልጇ ደባልቄ ከአሶሳ ያመጣላትን፣ ለራሷ አልጋ እንኳ የሳሳችለትን ሰማያዊ አንሶላ ከሳጥን አውጥታ እናትና ልጅን የሸፈነችው። ከዝንቡም፣ ከሰው ዓይንም። ወሎ እያሉ እናቷም የወለደ ከብት በጨርቅ ይጋርዱ ነበር።

ዝንቡ ግን ጭራሽ ባሰበት። አንሶላው ላይ ኑግ የተሰጣ ይመስላል።

«እትዬ አስረሳሽ!» አማርኛ ገና ያልጠናላት ጎረቤቷ ዓኢሻ አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋለች። «ምነው ሰማያዊ አለበስክ?»

«ዘወር በይልኝ እባክሽ! ገና አሁን መወለዱ ነው፣ ዓይን አታስገቢበት!»

«እኔ ዓይን የለም፣ ዝንብ ነው ያለው! የቆላ ዝንብ ወጥመድ፣ ወንዝ ዳር የተሰቀለው፣ ቀለሙ ምንድነው? ወላሂ፣ ሰማያዊ ዝንብ ይጠራል!»

የአስረሳሽ እጅ አየር ላይ ይቀራል። ስትወጣ ስትወርድ አይታዋለች፤ በዝንብ የታጨቀ፣ ሰማያዊ።

«ወይ እኔ! በገዛ እጄ!»

ዓኢሻ አጥሩን ዘላ ገብታለች። አንሶላውን ገፈው ከግቢው ማዶ ጥግ፣ ማንጎው ላይ ይወጥሩታል። ሽታው ዝንቡን እንዲስብ የላም ሽንት በጣሳ ከሥሩ ያኖራሉ። ዓኢሻ ልጆቿ ወፍ የሚያጠምዱበትን የሾላ ሙጫ አምጥታ፣ ልትቀባ እጇን ትዘረጋለች።

«አንሶላዬን!»

«አንሶላ ይሻላል፣ ውርንጭላ?»

«ቀቢው! ቀቢው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!»

ሙጫው ተቀብቶ ሲያልቅ ወደ አህያዋ ይመለሳሉ። አንድ ዝንብ ይነሳል። ሦስት። ከዚያ ከእናቲቱ ጀርባ ላይ እፍኝ እፍኙ እየተነሳ ወደ ማንጎው ይነጉዳል።

«ሄደ! ዓኢሻዬ፣ ሄደልሽ!»

አስረሳሽ ተንበርክካ እትብቱን ታገላብጣለች። አንድም ነጭ ነገር የለበትም። ደግማ ታየዋለች።

ውርንጭላው ይነሳል፣ ይወድቃል፤ አራት እግሩን አንፈራጥጦ እንደገና ይነሳና ጡቱን ያገኛል። የቀረች አንዲት ዝንብ መጥታ ታፋው ላይ ታርፋለች። አስረሳሽ እጇን ልትሰነዝር ስትል፣ የጣት ያህል የምትሆነው፣ ከእናቱ ምላስ ገና ያልደረቀችው ጭራ ብድግ ትልና፣ ጧ።