ላብ የሌለው ሯጭ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን የጠረጠረችው በኮሌታው ነው። ሌሎች ሚስቶች ኮሌታ ላይ የከንፈር ቀለም ይፈልጋሉ። እሷ የፈለገችው ላብ ነበር፤ አጣችው።

ሰውዬው በየማለዳው «ልሮጥ ነው» ብሎ ይወጣል፣ ያውም ሽቶ ተቀብቶ! ሲመለስም ሽቶው እንዳለ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሮጠህ ነው ወይስ ተሸክመውህ?»

«ነፋሱ አድርቆኝ ነው።»

«ይሄ ነፋስ ስም የለውም?»

እሱ ሻዩን ፉት።

የላብን ነገር የነገረቻት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። የደም ግፊቷን ለክታ፣ ከስፌት መኪናው እየተነሣች ዳገት ዳገቱን እንድትሮጥ መክራት ነበር። «ስታዘግሚ ሰውነትሽ ለብ ይላል፤ ስትፈጥኚ ይግላል። ሲግል ላብ ያወጣና ራሱን ያበርዳል። ያንቺ ቁጭ ብሎ ብሎ ሥራውን ረስቷል፣ እናቴ። ቀስ በቀስ አስለምጂው።»

«እኔ?» ብላ ሳቀች፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ። «እኔ ሌባ ካላባረርኩ አልሮጥም!»

ጤና ጣቢያ ይዟት የሄደው ባሏም አብሯት ሳቀ።

አሁን ግን ሳቅ የለም። የስንት ዘመን ትዳር ነው! ቁርጡን ካየች ስፌት መኪናዋን ተሸክማ ልትወጣ ምላ፣ ሻንጣዋን አልጋ ሥር አሰናድታለች።

በማግስቱ ሻርፕ ተከናንባ ተከተለችው። ጡረታ ሳይወጣ ፖስተኛ ነበርና እግሩ መንገድ አይፈራም። እሷ ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ፊቷ ፍም መሰለ። ጆሮዋ ጋለ። ላብ ግን ጠብ አላለም፤ እንደተከደነ ድስት ውስጥ ውስጡን ፈላች። ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች።

ባሏ ከፊት ቆሞ የጫማውን ክር ያስራል። የዚህ ሰው ክር ደግሞ መፈታት ሲወድ! እሷ ትንፋሿ ተመልሶ ስትነሣ፣ እሱም ቀና ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ትተወዋለች? ምን ሲደረግ! በየማለዳው ከኋላው ናት። ስትፈጥን ይፈጥናል፤ ስትደክም ክሩ ይፈታል። እየቆየ ገና ዳቦ ቤቱ ሳትደርስ ጀርባዋ ይረጥብ ጀመር። በፈጠነች ቁጥር ላቡ ይብስና፣ ነፋስ ሲያገኘው፣ እሰይ! ያ ሁሉ እሳት ብርድ ይላል። ቀሚሷንም ሁለቴ አጠበበች።

«ብስጭት ነው ያከሳኝ» አለች ለእህቷ። «አፈር ያስበላውና!»

አንድ ማለዳ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ አየችው። ብቻውን አይደለም። አጠገቡ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ሰውዬው በጆሮዋ አንድ ነገር ነግሯት ተሳሳቁ።

«ያዝኩህ!»

ቀሚሷን ሰብስባ ዳገቱን በረረችበት። ድንጋዩንም ትንፋሹንም ረሳች። ላቧ እንደ ዝናብ እየወረደ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቆም ጫፍ ደረሰችና የሴትዮዋን ትከሻ ጨምድዳ አዞረቻት።

ነርሷ የግፊት መለኪያዋን እንደታቀፈች ዞረች፤ ባል ለሚስቱ ፎጣ እየዘረጋ፣ «አላልኩሽም፣ ሲስተር? ሌባ ካገኘች ትሮጣለች!» አለ።