እትዬ የለኮሰችው ሲጋራ

ሲጋራው ግማሽ ሳይደርስ የጸጉር አስተካካዩ ምራቅ ደረቀ። ከጸጉር ቤቱ ጓሮ፣ እርጥብ ፎጣ ከተሰጣበት ገመድ ሥር ቆሞ ጭሱን እስከ ሆዱ ሳበው። እጁ ረጋ፤ ጉሮሮው ግን ነቃ። ሁሌም እንዲህ ነው፤ ሲጋራው በሩን ይከፍታል፣ መጠጡ ተከትሎት ይገባል።

ውስጥ ጡረተኛው መምህር ጉንጫቸው ሳሙና ተቀብቶ ይጠብቁታል። አገጫቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ የተወላቸው እሱ ነው፣ ጠጥቶ ምላጭ በያዘባት ቀን። ይቅር ብለውት ነው የመጡት። የጸጉር ቤቱ ባለቤት የሆነችው ታላቅ እህቱ ምላጩን የመለሰችለትም ገና ዛሬ ነው። ዳግመኛ መጠጥ ከሸተተኝ እህት የለህም ብላዋለች፤ እሷ ደግሞ ካለች አለች ነው።

ሲጋራውን የምትገዛለትም እሷው ናት። መጠጡን የተወ ሰሞን ሲንቀጠቀጥ አይታ አንጀቷ አልችል አለ፤ ሰው ሁለቱን ባንዴ እንዴት ይተዋል፣ በአንዱ እንኳ ይተንፍስ እንጂ። ለጎረቤቱ ሁሉ «ከዘንዶ እባብ ይሻላል» ትላለች። ዘንዶና እባብ ዘመዳሞች መሆናቸውን የነገራት የለም።

መስኮቱ ደፍ ላይ ምላጭ የሚጸዳበት የአልኮል ጠርሙስ ቆሟል። መርዝ መሆኑን ያውቃል። ቢሆንም ወደ ራሱ ሲመለስ ክዳኑን በእጁ ይዞ፣ አፍንጫውን ጠርሙሱ አፍ ላይ ደግኖ ራሱን አገኘው። ክዳኑን መልሶ ሲገጥም ሲጋራው ከጣቱ ወደቀ።

«እትዬ!»

ሽርጧን እንዳሸረጠች መጣች።

«ሲጋራውን ሁለተኛ እንዳትገዢልኝ» አላት። «እሱን ባጨስኩ ቁጥር መጠጡ ይጠራኛል።»

ሳቀች። «ጭስ የሚያሰክር ቢሆን የአውቶቡስ ሾፌር ሁሉ እየተንገዳገደ ቤቱ በገባ ነበር።»

«አያሰክርም እትዬ። ይጠራል ነው የምልሽ። አሁን እንኳ…»

ጠርሙሱን ሊያሳያት አሰበ። ካሳያት ግን እህት የለውም። እሷ እያየች ያለችው እጁን ነው፤ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«ይህን እጅ ሰው ጉሮሮ ላይ አላሳርፍም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ጨምርና ግባ፤ አንተ መቼም ራስህን ማሠቃየት ትወዳለህ።»

ከሽርጧ ኪስ ፓኮውን አውጥታ አንድ መዘዘች። አጭሳ አታውቅምና ስትለኩሰው አሳላት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ከንፈሩ መሃል አስገባችለት፤ እናታቸው የሞተች ጊዜ እንዲሁ ነበር በእጇ የምታጎርሰው።

እንቢ ለማለት አፉን ሊከፍት ሲል ጭሱ ቀድሞት ገባ።

«አየህ፣ ረጋህ» አለች። «አይዞህ የኔ ወንድም።»

የቀረውን ፓኮ በሸሚዙ የደረት ኪስ ከተተችለትና በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፣ ልቡ ላይ።