ከቀረጥ ነፃ

«መሐላህን ለሌላ ጊዜ አቆየው፤ ጉምሩክ በወላሂ አይከፈትም» አለው አብዶ ሙጂብን፣ የዕቃውን ወረቀት እየመለሰለት።

አብዶ እንደ ሙጂብ የከሚሴ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ጉምሩክ በር ላይ ቆሞ የሰው ዕቃ እያስፈጸመ ይኖራል፤ ሕጉን በቃሉ ይዞታል። ከውጭ ጠቅልሎ የሚገባ ሰው ያገለገለ የቤት ዕቃውን ያለ ቀረጥ ያስገባል። ግን ባለቤቱ ራሱ ፓስፖርቱን ይዞ መቆም አለበት። ባለቤቱ ከሌለ ቀረጡ አናት ይበሳል።

የዕቃው ባለቤት የሙጂብ ታላቅ እህት ዓፊያ ናት። ጅዳ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ሠርታ፣ ዘንድሮ ጠቅልዬ እገባለሁ ብላ ነበር። ዕቃው ቀድሟት ከመጣ ክፍሏ አስገብቶ እንዲቆልፍላት፣ እሷ ሳትመጣ እንዳይፈታው አደራ ብላዋለች። ሙጂብ እሺ አለ። እሺ ባለ በሳምንቱ ባቲ ወርዶ ሊያገባት ለጠየቃት ለሚስራ አባት ፍሪጁም፣ ልብስ ማጠቢያውም፣ አልጋውም የኔ ነው አላቸው። ሰውየው ልጄን ባዶ ቤት አልሰድም ብለው ሁለት ጠያቂ የመለሱ ናቸው። ኒካሁ ሐሙስ ነው። ዕቃው እስከ ረቡዕ ከሚሴ ካልገባ ሚስራም የለችም።

ዓፊያ ስልክ ካነሳች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ሙጂብ አልከፋውም፤ ብታነሳ የምትጠይቀው ስለ ክፍሏ ነው። ከጉምሩክ የደወለለት ሰውዬ ከቤት ትልቅ ሰው ይዘህ ና ብሎት ነበር። ትልቅ ሰው ማለት አጎቱ ናቸው፤ አጎቱ ደግሞ ዕቃው የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ብቻውን መጣ።

«ሌላ መንገድ የለውም?» አለ ሙጂብ።

አብዶ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ አሰበ። «አንድ አለ። የሟች ዕቃ አይቀረጥም። ዘመድ መታወቂያውን አሳይቶ ይፈርማል፣ አለቀ። ላንተ ምን ያደርግልሃል፣ እህትህ አላህ ያቆያትና ደህና ናት» ብሎ ሳቀ።

ሙጂብ አልሳቀም። በወሬ የሞተ ሰው የለም ብሎ ራሱን እያደፋፈረ ገባ።

ኃላፊው አቶ ይበልጣል ይባላሉ፤ ፀጉራቸው ገብስማ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ። ስሙን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነስተው በሩን ዘጉ። ለምን ብቻውን እንደመጣ ጠየቁት። እናትና አባቱ በሕይወት እንዳሉ ጠየቁት። ቁርስ እንደበላም ጠየቁት። ይሄ ሰውዬ ዙሪያ ገባውን እየዞረ ሊያጠምደኝ ነው አለ ሙጂብ በልቡ።

ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠርገው ዝርዝሩን ማንበብ ያዙ።

«ፍሪጅ አንድ። ልብስ ማጠቢያ አንድ። አልጋ ከነፍራሹ። ምንጣፍ ሁለት። ሞባይል አንድ፣ ያገለገለ።»

ሞባይሉ ለኔ ነው አለ ሙጂብ በሆዱ፤ አዲስ ብትገዛልኝ ምን ነበረበት።

አቶ ይበልጣል ወረቀቱን አስቀመጡ። አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ሙጂብ አሁን ፓስፖርቷን ሊጠይቁኝ ነው ብሎ ቀደማቸው።

«ጋሼ፣ ዓፊያ ሞታለች» አለ።

ድምፁን እናቱ የሞተች ቀን እንደተሰበረው አድርጎ ሰበረው። ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። እንባም አላጣም።

 ሰውየው መቼ እንደሰማ ጠየቁት። ባለፈው ሳምንት አለ። ማን ነገረህ አሉት። አብራት የምትሠራ ልጅ ደውላ አለ። ምን ሆና አሉት። ድንገት ነው፣ ሌሊት አሟት ሳይነጋ አለ። መልስ በሰጠ ቁጥር ትክ ብለው ያዩታል።  ነቅተውብኛል፣ አሁን ፖሊስ ይጠራሉ ብሎ በሩን በዓይኑ ለካ።

አቶ ይበልጣል ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። መሳቢያ ከፍተው ማኅተም አወጡ። ወረቀቱ ላይ ከቀረጥ ነፃ ብለው ጽፈው መቱበት፤ የሚፈርምበትንም ቦታ በጣታቸው አሳዩት።

ሙጂብ ፈረመ። ፈገግታው እንዳይታይበት አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ሐሙስ ታየው፤ የሚስራ አባት ፍሪጁን እየዞሩ ሲያዩት ታየው።

ሰውየው ከጠረጴዛው ዞረው መጡና እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

«እግዜር ያጥናችሁ፣ ልጄ» አሉት። «ቀድማችሁ መስማታችሁ ደግ ሆነ፤ እኔማ ከዕቃው ጋር የላኩልኝን መርዶ እንዴት አድርጌ እንደምነግርህ ከጠዋት ጀምሮ ጨንቆኝ ነበር።»